የማያመው ጥርስ ለምን ራጅ ይነሣል?

ካቻምና የሁለተኛው መንፈቅ ፈተና ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አንድ የክፍላችን ልጅ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከአልጋው ተነሥቶ፣ ጉንጩን በሁለት እጁ ይዞ ሲወዛወዝ አገኘነው። የመኝታ ክፍላችን ሐኪሞች (ሁሉም የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ናቸው) ወዲያው ተሰበሰቡ። አንዱ ቅርንፉድ ንከስበት አለ፤ አንዱ በሞቀ የጨው ውኃ ተጉመጥመጥ አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ በጫት አደንዝዘው ብሎ ከራሱ ድርሻ ጥቂት ቀንበጥ ቆርሶ ሰጠው። ሲነጋ ጓደኛችን ፒያሳ ሄዶ ጥርሱን አስነቅሎ ተመለሰ። ሥቃዩ ቆመ፤ ፈተናውንም ተፈተነ። እኛም «እንኳን ተገላገልህ» ብለን ነገሩን ዘጋነው።

ነገሩ እንደገና የተከፈተው ሐኪሙ ያለውን በነገረን ጊዜ ነው። ሐኪሙ የተነቀለውን ጥርስ በመቆንጠጫ ይዞ እያሳየው፣ «ይህ እኮ የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ትንሽ ቀዳዳ ነበር፤ ያን ጊዜ ብትመጣ ሞልቼ እሰድድህ ነበር» ይለዋል። ጓደኛችንም፣ «ዶክተር፣ የዛሬ ሁለት ዓመት እኮ ምንም አላመመኝም ነበር» ይላል። ሐኪሙም «አዎን፤ እሱ ነው እኮ ነገሩ» ብሎ ጥርሱን ከቆሻሻ መጣያው ጣለው።

ባይታመም፣ በመስተዋትም ቢታይ የማይገኝ ቀዳዳ ከሆነ፣ ሐኪሙ የዛሬ ሁለት ዓመት በምን ሊያውቀው ኖሯል? መልሱ በራጅ ነው። ታዲያ ራጅ ይህን ያህል የሚያይ ከሆነ ሁላችንም በየጊዜው ተሰልፈን ለምን አንነሣም? ወይስ ጨረሩ ራሱ ከበሽታው የባሰ ጉዳት አለው? በዚህ ጉዳይ መኝታ ክፍላችን ለሁለት ተከፍሎ ብዙ ተከራክሯል። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስለሆንን፣ ስለ ጥርስ የምናውቀው ቢኖር በግጥም ከወተትና ከበረዶ ጋር መመሳሰሉን ብቻ ነበር። ስለዚህ የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችንን ጠየቅን፣ ጽሑፎች አገላበጥን፣ በመጨረሻም ራሳችን ወንበሩ ላይ ተቀመጥን። ያገኘነውን እነሆ።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። «ራጅ» የምንለው ከጣልያንኛው «ራጂ» የመጣ ሲሆን ትርጕሙ «ጨረሮች» ማለት ነው። ስለ ጣልያንኛ ቃላት ለደሴ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነውና፣ መኪናውም፣ ፒያሳውም፣ ጎሚስታውም ከዚያው መምጣታቸውን ጠቅሰን እንለፍ። ለታሪክ ተማሪ ነገሩን ይበልጥ የሚያጣፍጠው ዘመኑ ነው። ጀርመናዊው ፕሮፌሶር ዊልሄልም ሮንትገን ይህን የማይታይ ጨረር በቩርትስቡርግ ከተማ ያገኘው ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአራት ወር ልዩነት የሆኑ ነገሮች ናቸው ማለት ነው። ይህ ብቻም አይደለም። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሁለት የኢጣልያ ወታደሮች፣ ናፖሊ በሚገኘው የጦር ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ በተባለ ሐኪም ራጅ ተነሥተው፣ ጥይቱ በክንዳቸው ውስጥ የት እንደ ተቀመጠ ተፈለገ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ጥይቱን ማን እንደ ላከው ለአንባቢ መንገር አያስፈልገንም።

ጥርስም ቢሆን ተራው ሳይደርስ አልቀረም። ገና ጥር 1888 ዓ.ም. ላይ ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ የብራውንሽቫይክ የጥርስ ሐኪም ትንሽ የፎቶግራፍ መስተዋት ብርሃን እንዳይገባው ጠቅልሎ በራሱ አፍ ውስጥ አስገባና የጥርሱን ራጅ አስነሣ። ሳይነቃነቅ የቆየው 25 ደቂቃ ነው። ሚኒባስ ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ለመጨረስ ምን ያህል እንደሚፈጅበት የሚያውቅ ሰው፣ ያን ያህል ጊዜ አፍን ከፍቶ ጨረር መቀበል ምን ማለት እንደሆነ ይገምተው። ዛሬ ያው ሥራ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

በመካከል ግን ሰዎች ከፍለውበታል። በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ይሠራ የነበረው ኤድመንድ ኬልስ በአፍ ውስጥ በሚገባ ፊልም ራጅ ማንሣትን በአገሩ ከጀመሩት አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ መሣሪያው በትክክል መሥራቱን ለማረጋገጥ ሐኪሙ የገዛ እጁን በጨረሩ ፊት ያደርግ ነበር። ኬልስም ይህን ለብዙ ዓመት ሲያደርግ ኖሮ ካንሰር ያዘው፤ መጀመሪያ ጣቶቹን፣ ቀጥሎ እጁን፣ ከዚያም ክንዱን በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና አጣ፤ በ1928 እ.ኤ.አ. ራሱን አጠፋ። «ራጅ አደገኛ ነው» የሚለው ፍርሃት እንግዲህ ከሜዳ የበቀለ አይደለም። ነገር ግን የኬልስ እጅ በየቀኑ ለዓመታት የተቀበለውንና የኛ ጉንጭ በዓመት አንድ ጊዜ የሚቀበለውን አንድ አድርጎ ማየት፣ አንድ ስኒ ጠላ የጠጣውንና ጋኑን የጨረሰውን በአንድ ዐይን እንደ ማየት ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። ከወንበሩ አጠገብ በረጅም ክንድ የተንጠለጠለው ሣጥን ውስጥ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የብርጭቆ አምፖል አለ። በአንዱ ጫፍ እንደ ተራ አምፖል ክር በኤሌክትሪክ ይግልና ኤሌክትሮኖች ከላዩ ይወጣሉ። እነዚህን ከ60 እስከ 70 ሺህ ቮልት በሚደርስ ኃይል ወደ ሌላኛው ጫፍ መንዳት ነው፤ በዚያ በኩል ያለው ተንግስተን ከሚባለው ጠንካራ ብረት የተሠራ ኢላማ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ከዚህ ሲላተሙ ከኃይላቸው አንድ በመቶ ያህሉ ብቻ ራጅ ይሆናል፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። መብራቱ ሲጠፋ ወይም ቁልፉ ሲለቀቅ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል። በክፍሉ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚቀር፣ በልብስ ላይ ተጣብቆ ወደ መኝታ ክፍል የሚመጣ ነገር የለም። (ከመካከላችን አንዱ ራጅ የተነሣ ጓደኛውን ለሁለት ቀን አልጨብጥም ብሎ ነበር፤ ስሙን አንጽፍም።)

ጨረሩ ጉንጭን እንደ ቀጭን መጋረጃ አልፎ ይሄዳል። ጥርስ ሲደርስ ግን ካልሲየም ይይዘዋል። የጥርሱ የላይኛው ሽፋን ኢናሜል በሰውነታችን ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የጠነከረ ስለሆነ ብዙውን ጨረር ያስቀረዋል፤ ፊልሙም በዚያ ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ትንሽ ገርጣ ይላል። ሰው «ነርቩ» የሚለው መካከለኛው ለስላሳ ክፍል ይጠቁራል። ካልሲየሙ ታጥቦ የሄደበት፣ ማለት የተበላ ቦታም እንደዚሁ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። ራጅ ማለት ጥላ ነው፤ ከዚህ የበለጠም ያነሰም አይደለም።

ስለ መበላት ከተነሣ፣ አያቶቻችን ጥርስን የሚበላው ትል ነው ይሉ ነበር። እስከ ዛሬ በራጅ ላይ ትል የታየበት ሰው የለም። የሚበላው አሲድ ነው። በጥርስ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ባገኙ ቁጥር አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም ካልሲየሙን ያሟሟል። ምራቅ ይህን ቀስ በቀስ ሊጠግን ይሞክራል፤ ነገር ግን ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። አንድ ሰው ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጦ እስከ ማታ ድረስ በየሩብ ሰዓቱ ስኳር ቢቅም፣ ለስላሳ ቢያስከትልበት፣ ለምራቁ የዕረፍት ጊዜ አልሰጠውም። ይህን የምንጽፈው ለመስበክ አይደለም፤ እንዲህ የሚውል ሰውና ስኳር በሻይ ብቻ የሚቀምስ ሰው በራጅ ፊት እኩል አለመሆናቸው በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

መበላቱ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ሁለት መንጋጋዎች ጎን ለጎን በሚነካኩበት፣ መፋቂያም ብሩሽም በማይገባበት ቦታ ነው። በዚያ ሥፍራ መስተዋት አይረዳም። ሐኪሙ የሚያደርገው፣ ትንሽ ፊልም ወይም የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ በአፍ ውስጥ አስገብቶ፣ ከፊልሙ የወጣውን ጆሮ መሰል ወረቀት በላይና በታች መንጋጋ እንዲነከስ ማድረግ ነው። በሙያው ቋንቋ ባይትዊንግ ይሉታል። በአንድ ጊዜ የላዩንም የታቹንም መንጋጋ ጎን ያሳያል፤ በቀኝና በግራ ሁለት ወይም አራት ፊልም ይበቃል። የሥሩ ጫፍ መግል ይዞ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ከሥር እስከ አናት የሚያሳይ ሌላ ዓይነት አለ። በሰውየው ራስ ዙሪያ እየዞረ መንጋጋን ሁሉ በአንድ ሥዕል የሚያወጣው ፓኖራማ፣ በመጨረሻ የሚበቅሉት መንጋጋዎች ጠመው እንደሆነና አጥንቱ ተሰብሮ እንደሆነ ለማየት ጥሩ ነው፤ በሁለት ጥርስ መካከል ያለውን ትንሽ ጕድጓድ ለማየት ግን ያችን ትንሿን ፊልም አያህላትም። ይህን አንባቢ ይያዝልን።

በልጅነታቸው ገና ያልወጣ የወተት ጥርስ በባህላዊ መንገድ የተነቀለባቸው ሰዎችም አሉ። ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣው እርሱ ነው እየተባለ በብዙ የአገራችን ክፍል ሲደረግ የኖረ ነገር ነው። ከሥሩ ተሸሽጎ የነበረው ዋናው ጥርስ አብሮ ተጎድቶ እንደሆነ፣ ጠፍቶም እንደሆነ፣ በልጅነት ራጅ ካልታየ በቀር ልጁ እስኪያድግ አይታወቅም።

እንግዲህ ወደ ተከራከርንበት እንመለስ፤ ጉዳቱስ?

የጨረር መጠን በሲቨርት ይለካል። አንድ ሲቨርት ለዚህ ነገር እጅግ ትልቅ ስለሆነ ከሚሊዮን ከፍለን በማይክሮሲቨርት እንናገር። ሰው ሁሉ፣ ራጅ የሚባል ነገር በሕይወቱ ባያይም እንኳ፣ ከመሬት፣ ከአየር፣ ከምግብና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2,400 ማይክሮሲቨርት ያህል ይቀበላል፤ ይህ የዓለም አማካይ ነው። በቀን ሲካፈል ከስድስት ጥቂት ይበልጣል። አራት ባይትዊንግ በዘመናዊ ፊልም ወይም በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ፣ ጨረሩም በፊልሙ ልክ በአራት ማዕዘን ቀዳዳ ጠቦ ሲነሣ 5 ማይክሮሲቨርት ያህል ነው፤ ከአንድ ቀን ያነሰ ማለት ነው። ፓኖራማው ከ14 እስከ 24 ድረስ ነው።

ይህ አሁንም ባዶ ቁጥር የሚመስለው ካለ ወደ ሐረጎ እንውሰደው። ከሰማይ የሚመጣው ጨረር ከፍታ ሲጨምር ይጨምራል፤ የሚከላከልልን አየር ይሳሳልና። የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ጉዳይ ሳይንሳዊ ኮሚቴ ባወጣው ስሌት፣ 1,660 ሜትር ላይ ባለችው ናይሮቢ በዓመት 580 ማይክሮሲቨርት፣ 2,240 ሜትር ላይ ባለችው በሜክሲኮ ከተማ 820 ማይክሮሲቨርት ከሰማይ ይወርዳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች ወደ ናይሮቢ ትቀርባለች። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከሜክሲኮ ከተማም ትበልጣለች። ስለዚህ በኛ ግምት ከቦርከና ዳር ዕቃውን ጭኖ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ አንድ ዓመት የተከራየ ተማሪ፣ ከሰማይ ብቻ ከ200 ማይክሮሲቨርት የማያንስ ጭማሪ ይቀበላል። ይህ አርባ ጊዜ አራት አራት ባይትዊንግ ከመነሣት ጋር ይተካከላል። ጨረር ፈርቶ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የተሰደደ ሰው ግን እስካሁን አልሰማንም። ከኮምቦልቻ ሙቀት ፈርቶ ወደ ደሴ የወጣ ነው የሚበዛው።

ከዚህ ላይ የፍርሃት ወገን የሆኑት ጓደኞቻችን ዝም ቢሉም፣ ፈጽሞ አልተሸነፉም። አሠራሩ ሲበላሽ ቁጥሩም ይለወጣልና። አፍን በሙሉ በ18 ትንንሽ ፊልሞች ማንሣት በፈጣን ፊልምና በጠባብ አራት ማዕዘን ቀዳዳ 35 ማይክሮሲቨርት ነው። ያው ፈጣን ፊልም በሰፊ ክብ ቀዳዳ ሲሆን 171 ይደርሳል። ቀርፋፋ በሆነው አሮጌ ፊልምና በክብ ቀዳዳ 388 ይሆናል፤ ከመጀመሪያው አሥራ አንድ እጥፍ። ማሽኑ ያው፣ ጥርሱ ያው፣ ሐኪሙም ያው ሊሆን ይችላል። ደግሞ ፊልሙ በጨለማ ክፍል የሚታጠብ ከሆነ፣ ማጠቢያው መድኃኒት ሲያረጅ ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ይህን ለማካካስ ጨረሩን ማስረዘም ይመጣል፤ ከዚያም «አልወጣም፣ ድገመው» ይባላል። እንደገና የተነሣ ራጅ ሁሉ በከንቱ የተቀበልነው ጨረር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ዕቃዎች ተዘርፈውና ተሰባብረው የነበረ መሆኑን የምናስታውስ ሰዎች፣ በየቦታው አዲስ መሣሪያ ባለመኖሩ ማንንም አንወቅስም። ማጠቢያውን መድኃኒት በጊዜው መለወጥ ግን አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም።

ስለ እርሳስ ሽርጥም እንናገር። አንዳንዶቻችን ከባዱ ሽርጥ ካልተደረበልን ራጅ አንነሣም ብለን ነበር። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2024 እ.ኤ.አ. ለጥርስ ራጅ የእርሳስ ሽርጥም ሆነ የአንገት መከላከያ ከእንግዲህ እንዳያስፈልግ መክሯል፤ ነፍሰ ጡርም ትሁን ልጅ። ጨረሩ በሚገባ ከጠበበ ወደ ሆድ የሚደርሰው ኢምንት ነው፤ ሽርጡ ግን አንዳንድ ጊዜ በጨረሩ መንገድ ገብቶ ሥዕሉን ያበላሽና ያስደግማል። በየአገሩ ያለው ደንብ ይለያያልና ሐኪሙ ሽርጡን ቢያለብሰን አንከራከርም፤ ባያለብሰን ደግሞ አንሸሽም። ሐኪሙና ረዳቱ ወደ ኋላ የሚርቁት እነርሱ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚያነሡ ነው። ሁለት ሜትር መራቅ ብቻ የሚደርስባቸውን እጅግ ይቀንሰዋል።

ጨረሩ ትንሽ ከሆነ ታዲያ ሁሉም ሰው በየስድስት ወሩ ቢነሣስ? የክርክራችን ሌላኛው ወገን ይህን ነበር የሚለው። እኛም ለጥቂት ጊዜ አምነንበት ነበር፤ አሳባችንን ያስለወጠን አንድ የሕክምና ተማሪ በደብተር ወረቀት ላይ የሠራልን ሒሳብ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

ጥርሳቸው ጤነኛ የሆነ ሰዎች ሰብስበን 1,000 የጥርስ ጎን አነሣን እንበል። ከነዚህ በእውነት የተበሉት 20 ናቸው። ራጅ ጥላ ስለሆነ የጀማሪውን ቀዳዳ ሁሉ አይዝም፤ ካልሲየሙ ከሲሶ በላይ ካልሄደ ብዙ ጊዜ በፊልም አይታይም። ስለዚህ ከ20ዎቹ 12ቱን ያዘ እንበል። ከቀሩት 980 ጤነኞች ደግሞ፣ ጥርስ በጥርስ ላይ ሲደራረብ ወይም የጥርሱ አንገት ሲሳሳ በሚፈጠር ጥላ እየተሳሳተ፣ ከመቶ አምስቱን ተበልቷል አለ፤ 49 ይሆናሉ። ሐኪሙ «ተበልተዋል» የሚላቸው 61 ጎኖች ናቸው፤ ከነሱ ውስጥ እውነተኞቹ 12 ብቻ። አሁን ያንኑ ፊልም፣ ያንኑ ዐይን ይዘን ስኳር ሲቅሙ ወደሚውሉት እንሂድ። በነሱ ዘንድ ከ1,000 ጎን 200ው የተበላ ነው እንበል። ራጁ 120ውን ይይዛል፤ ከ800ው ጤነኞች 40ውን ይሳሳታል። ከ160ው 120ው እውነት ሆነ ማለት ነው። ራጁ አልተለወጠም። የተለወጠው ፊቱ የቀረበው ሰው ነው። ስለዚህም ነው ሐኪም አስቀድሞ አፍ ከፍቶ ማየት፣ ምን ትበላለህ፣ ከዚህ በፊት ስንት ጥርስ አስሞላህ ብሎ መጠየቅ ያለበት።

የተሳሳተው ጥላ ባዶ ወረቀት ላይ ቢቀር ችግር አልነበረም። ነገር ግን ጥላው ሰርሳሪ መሣሪያ ያስነሣል። የተሰረሰረ ጤነኛ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም፤ የተሞላውም ከዓመታት በኋላ ይለቃል፣ እንደገና ሲሞላ ቀዳዳው ይሰፋል።

ከመካከላችን አንዱ ይህን በራሱ አይቶታል። ስሙን በማንጠቅሰው አንድ ክሊኒክ «ለምርመራ ብቻ ነው የመጣሁት፤ የሚያመኝ የለም» ብሎ ገባ። አፉን ማንም ሳያየው ወደ ፓኖራማው ተላከ። ለምን ብሎ ሲጠይቅ፣ «አብሽር፣ ደንባችን ነው» ተባለ። ጥቂት ቆይቶ አምስት ጥርስ ይሞላል ተባለና ቀጠሮ ተሰጠው። ልጁ ከቀጠሮው በፊት ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደ። እኒህ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጥርሱን በአየር አደረቁና በመስተዋት አንድ በአንድ አዩ፣ ከዚያ በቀኝና በግራ ሁለት ትንንሽ ባይትዊንግ ብቻ አነሡ። የሚሞላው አንድ ሆነ። «የቀሩትስ አራቱ?» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ እነሱ ጥላ ናቸው» አሉት። የመጀመሪያው ክሊኒክ አታልሏል አንልም፤ ፓኖራማው ሊያሳየው የማይችለውን እንዲያሳይ መጠየቁ ብቻውን ለዚህ ይበቃል።

በሌላው ዓለም የወጣው መመሪያም ከዚህ የራቀ አይደለም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ከአገሩ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጋር በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ራጅ የሚታዘዘው ሐኪሙ አፉን ካየና ታሪኩን ከጠየቀ በኋላ ነው። የተበላ ጥርስ ለሌለውና ለመበላትም ላልተጋለጠ ዐዋቂ ባይትዊንግ በየ24 እስከ 36 ወር ይበቃል። የተበላ ያለው ወይም የተጋለጠ ዐዋቂ በየ6 እስከ 18 ወር ይነሣል። ልጆች ጥርሳቸው ቶሎ ስለሚበላ የተጋለጡት በየ6 እስከ 12 ወር፣ ያልተጋለጡት በየ12 እስከ 24 ወር ይላል። ጨረር የልጅን ሰውነት ከዐዋቂው ይልቅ ስለሚነካ ለእነርሱ መጠኑን ማሳነስ የግድ ነው። «ስድስት ወር ሞላህ፣ ተነሥ» የሚል ግን በመመሪያው ውስጥ የለም።

በአገራችን ማሽኑን ማንም እንደ ፈለገ አያቆመውም። የጨረር መከላከያ አዋጅ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ቁጥር 79/1986 ነው። ኋላ የወጣው አዋጅ ደግሞ ቁጥር 1025/2009 ነው። የራጅ ማሽን ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም። ስለዚህ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ተማሪ፣ ማሽኑ ፈቃድና ምርመራ እንዳለው ቢጠይቅ ነገር ፈላጊ አይባልም። ከዚህ ይልቅ በጣም የሚጠቅመው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ዶክተር፣ በዚህ ራጅ ምን ሊያዩ ነው?» ማለት። «በዚህ በሁለቱ መንጋጋዎች መካከል የጠረጠርኩት ነገር አለ» ከተባለ ያለ ፍርሃት መነሣት ነው። «እንዲያው ነው» ከተባለ ግን ቀስ ማለት ነው። ከተነሡ በኋላም ፊልሙን ወይም ቅጂውን መቀበልና ማስቀመጥ፤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ እሱን ይዞ መሄድ እንደገና ከመነሣት ያድናል። ሁሉ ነገር የሚጠፋበት የኛ መኝታ ክፍል እንኳ አንድ ፊልም ሁለት ዓመት ጠብቆ አቆይቷል።

እሱም ጥርሱን ያስነቀለው የጓደኛችን ፊልም ነው። ካቻምና ፈተናው ሲያልቅ ተመልሶ ሄዶ የቀሩትን እንዲያዩለት ጠየቀ። በሁለት ባይትዊንግ ሁለት ጥቁር ነጥብ ተገኘ። አንደኛው ዴንቲን ድረስ ዘልቆ ስለነበር ተሞላ። ሁለተኛው ገና ኢናሜሉን አላለፈም ነበርና፣ ሐኪሙ ሳይነካው ፍሎራይድ ባለው ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ እንዲቦርሽ አዞ ሰደደው። እንዲህ ያለው ነጥብ ካልባሰ ሳይሰረሰር ሊቆም ይችላል፤ መቆም አለመቆሙ የሚታወቀው ደግሞ አሮጌውንና አዲሱን ፊልም ጎን ለጎን በማየት ነው። ባለፈው ጥር ሁለተኛውን ተነሣ። ማታውኑ ሁለቱን ፊልሞች በጦሳ በኩል ባለው መስኮት ላይ አስጠግተን እየተጋፋን አየናቸው፤ እኛ እንደምናየው ነጥቡ ያው ነው፣ ሐኪሙም እንደዚሁ ብሎታል። ቀጣዩ ቀጠሮ ከዓመት በኋላ ነው። ጫቱን አልተወም፤ ስኳሩን ግን ትቷል፣ እኛም ድርሻውን ወስደንለታል።